ፕራይመርና ባሩድ እየጠፋ ነው፤ ቀለህ መልሶ መሙላት አሁንም ያዋጣል?

ባለፕሬሱ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የተተኮሰ ቀለህ በአዲስ ፕራይመር (ሲመታ ባሩዱን የሚለኩስ ትንሽ ጽዋ)፣ በባሩድና በአረር (ተወርዋሪው ጫፍ) መልሼ የምሞላው ሁለት ዓይነት ነው፤ 9 ሚሊሜትር ለሽጉጥ ውድድር፣ .308 ዊንቸስተር ደግሞ ለሩቅ ዒላማ። ፈቃዱም ፕሬሱም (የመሙያው ማሽን) አለኝ፤ የቸገረኝ ዕቃው ነው። ለጠመንጃው የለመድኩት ባሩድ ከመደርደሪያ ጠፍቷል። ፕራይመር ሲገኝ ዋጋው ከቀድሞው እጥፍ አልፏል። አረር እንኳ በየጊዜው ይጨምራል።

በዚህ መሀል ምክር ከየአቅጣጫው ይዘንባል። አንዱ "ትንሹን የጠመንጃ ፕራይመር ለሽጉጥ ተጠቀምበት፣ ልኩ አንድ ነው" ይላል። ሌላው ከወታደር ጥይት የተፈታ ባሩድ በኪሎ ርካሽ አለ ይላል። ቤት ውስጥ ፕራይመር ስለመሥራት የሚያወሩም አሉ። እኔ ማወቅ የምፈልገው፣ ወጪው በትክክል የሚጨምረው የት ላይ ነው? ምን በምን መተካት ይቻላል፣ ምንስ አይቻልም? ዕቃ ሲገኝ ስንት ገዝቶ ማስቀመጥ ነው የሚበጀው? ደግሞስ ይህ እጥረት መቼም የማያልፍ ነው እንዴ?

ሒሳብ አዋቂ

ወንድሜ፣ "ያዋጣል ወይ" የሚለውን ተወውና መጀመሪያ የትኛው ዕቃ እንደሚጎዳህ ለይ። ሁለቱ ጥይቶችህ የሚታመሙት በተለያየ ነገር ነው።

አንድ ፓውንድ ባሩድ 7000 ግሬይን ነው። ለሒሳብ ያህል (የመሙያ መጠን አይደለም፣ እሱን ከባሩድ አምራቹ የመሙያ መጽሐፍ ውሰድ) 9 ሚሊሜትሩ 5 ግሬይን፣ .308ቱ 42 ግሬይን ይበላል እንበል። ከአንድ ፓውንድ 1400 የሽጉጥ ጥይት ይወጣል፤ የጠመንጃው ግን 166 ብቻ ነው። አሁን ዋጋ እናስገባ፣ በየትኛውም ገንዘብ አንብበው። የባሩዱ ፓውንድ 50፣ የ1000 ፕራይመር ዋጋ 80፣ የሽጉጥ አረር 0.10፣ የጠመንጃ አረር 0.45 ይሁን። ቀለሁን ለጊዜው እንተወው።

ለ9 ሚሊሜትር ባሩዱ 0.036፣ ፕራይመሩ 0.08፣ አረሩ 0.10፤ ድምሩ 0.216 አካባቢ ነው። ለ.308 ባሩዱ 0.30፣ ፕራይመሩ 0.08፣ አረሩ 0.45፤ ድምሩ 0.83።

ባሩዱ ከ50 ወደ 75 ቢዘል የሽጉጡ ጥይት ወጪ በ8 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ የጠመንጃው ግን በ18 በመቶ። ፕራይመሩ እጥፍ ቢሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የሽጉጡ 37 በመቶ ይጨምራል፣ የጠመንጃው 10 በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ለ9 ሚሊሜትር ርካሽ ባሩድ ፍለጋ መንከራተት ዋጋ የለውም፤ የሚያዋጣህም የሚያከስርህም ፕራይመሩና አረሩ ነው። ለ.308 ደግሞ ባሩድና አረር ላይ አተኩር፤ ፕራይመሩን ግን የምታምነውን ግዛ፣ በአንድ ጥይት የሚያመጣው ልዩነት ኢምንት ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው የአደገኛ ዕቃ ማጓጓዣ ክፍያ ነው። ባሩድና ፕራይመር ታዘው ሲላኩ ይህ ክፍያ የሚታሰበው በጭነት እንጂ በጣሳ አይደለም። አንዲት ጣሳ ብታዝዝ ክፍያው ብቻውን የባሩዱን ግማሽ ዋጋ ሊያህል ይችላል። ስምንት ፓውንድና 5000 ፕራይመር በአንድ ጭነት ከመጣ ግን ተበትኖ ይጠፋል። ሕጉ በሚፈቅድበት አገር ሁለት ሦስት ሰው ሆኖ ማዘዝ ከማንኛውም ቅናሽ ይሻላል።

ፍርዴን ካልክ፣ ተራ የ9 ሚሊሜትር ልምምድ ጥይት ከፋብሪካ ርካሹ ጋር ሲነጻጸር ትርፉ በጣም ቀጭን ነው፤ ጊዜህን ብታስብበት ምናልባት ምንም። ለ.308 የውድድር ደረጃ ጥይት ግን አሁንም በሰፊው ያዋጣል፣ ምክንያቱም የምታወዳድረው ከውዱ የፋብሪካ ጥይት ጋር ነው።

የናይትሮ ነገር

ስለ "መቼ ያልፋል" ላንሣ። ሰው ሁሉ እጥረቱን የነጋዴ ደባ ያደርገዋል። በ2020 እና 2021 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሸመታ ሽብርና ገዝቶ መልሶ የሚሸጠው አትራፊ ድርሻ ነበራቸው፣ አልክድም። ከዚያ ወዲህ ያለው ግን ከሥር ነው የመጣው።

ጭስ አልባ ባሩድ ሁሉ መነሻው ናይትሮሴሉሎስ ነው። እሱ ደግሞ የሚሠራው ከሴሉሎስ ነው፤ በብዛት የጥጥ ፍሬው ላይ ከሚቀረው አጭር ጭረት፣ አንዳንዴም ከእንጨት። የአውሮፓ ፋብሪካዎች ይህን የጥጥ ጭረት በአብዛኛው ከቻይና ነው የሚያስመጡት። የዩክሬን ጦርነት በ2022 ሲሰፋ የመድፍ ጥይት ፍላጎት አሻቀበ፤ የመድፍ ባሩድም ያንኑ ናይትሮሴሉሎስ ይሻል። አንድ የ155 ሚሊሜትር መድፍ በሙሉ ኃይሉ አንድ ጊዜ ሲተኮስ 12 ኪሎ ገደማ ባሩድ ይበላል። በክብደት ብቻ ብታየው በ42 ግሬይን ከ4000 በላይ የ.308 ቀለህ ይሞላል። ቅመሙ አንድ አይደለም፣ የመድፉ ባሩድ ሌሎች ውህዶችም አሉበት፤ ሆኖም ማሽኑን፣ አሲዱንና ጥጡን የሚሻሙት አብረው ነው። በዚህ ሽሚያ የመንግሥት ትዕዛዝ ይቀድማል፤ ለግለሰብ በጣሳ የሚሸጠው ባሩድ የሚሠራው ከዚያ በተረፈው የማምረት አቅም ነው። በ2023 መጨረሻ ቪስታ አውትዶር የተባለው የአሜሪካ ጥይት አምራች ኩባንያ የዓለም ባሩድ እጥረት እንደሚጠበቅ ጠቅሶ ከጥር 2024 ጀምሮ ዋጋ እንደሚጨምር ለደንበኞቹ ጽፎ ነበር። የነሲብ ወሬ አልነበረም ማለት ነው።

ሌላው የመንገዱ ርዝመት ነው። በአሜሪካው ሆጅደን ስም የሚሸጡት ቫርጌት፣ ኤች 4895 እና ኤች 4350 የተባሉ የጠመንጃ ባሩዶች የሚመረቱት አውስትራሊያ ሙልዋላ ነው። ቪታቩሪ ከፊንላንድ፣ ሎቬክስ ከቼክ ይመጣሉ። አንድ መርከብ ከዘገየ አንድ ስም ከመደርደሪያው ለወራት ይጠፋል፣ አጠገቡ ያለው ሌላ ስም ግን ሞልቶ ታየዋለህ። የጣሳው ስም አሜሪካዊ መሆኑ ፋብሪካው እዚያ ነው ማለት አይደለም።

የፕራይመሩ ችግር ደግሞ የፋብሪካ ቁጥር ነው። አሜሪካ ውስጥ በስፋት የሚያመርቱት አራት ስሞች ናቸው፤ ሲሲአይ፣ ፌደራል፣ ሬሚንግተንና ዊንቸስተር። ሬሚንግተን በ2020 ከስሮ የጥይት ክፍሉን ቪስታ ገዛው፤ በኅዳር 2024 ደግሞ የቪስታ የጥይት ክፍል በሙሉ ለቼኩ ኩባንያ ሲኤስጂ ተሸጠ። ከአራቱ ሦስቱ በአንድ ባለቤት እጅ ናቸው ማለት ነው። አራቱም ሙሉ ጥይትም ይሠራሉ፤ ፕራይመሩን በጥይት ውስጥ አድርገው ቢሸጡት የበለጠ ያተርፋሉ። ገበያው ሲሞቅ ለእኛ በሳጥን የሚሸጠው መጀመሪያ ይቀንሳል። አዲስ ፋብሪካ ለማቆም ደግሞ እርጥብ ሆኖ በእጅ የሚያዝ ፈንጂ ውህድ፣ የሠለጠነ ሰውና ረጅም የፈቃድ ሒደት ይጠይቃል፤ በአንድ ዓመት የሚሆን አይደለም።

አንቲሞኒንም አትርሱ። በፕራይመሩ ውህድ ውስጥ በሰልፋይድ መልክ ይገባል፣ በአረሩ ውስጥ ደግሞ እርሳሱን ያጠነክራል። ቻይና ከመስከረም 2024 ጀምሮ ወደ ውጭ መላኩን በፈቃድ አደረገች፣ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ አሜሪካ እንዳይላክ ከለከለች። በዚያው ዓመት ዋጋው ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። እገዳው በኅዳር 2025 ለጊዜው ቢነሳም በውድ የተገዛው ክምችት እስኪያልቅ ዋጋው ፈጥኖ አይወርድም።

በአጭሩ፣ ዕቃው መልሶ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፣ አሁንም እየወጣ ነው። ከ2020 በፊት የነበረው ዋጋ ግን ይመለሳል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

ግፊት አይዋሽም

ጠያቂው "ምን በምን ይተካል" ያልከው ላይ ልቆይ፤ እጥረት ሲመጣ ጠመንጃ የሚፈነዳው እዚህ ላይ ነውና።

ከፕራይመሩ እንጀምር። ትንሹ የሽጉጥና ትንሹ የጠመንጃ ፕራይመር በውጭ ልካቸው ይመሳሰላሉ፣ ጉድጓዱም ይቀበላቸዋል። ልዩነቱ የጠመንጃው ጽዋ ወፍራም መሆኑ ነው። መዶሻው ደካማ የሆነ ወይም ለቀላል ቃታ ሲባል ስፕሪንጉ የላላ ሽጉጥ ደጋግሞ "ጭጭ" ይልብሃል። በሌላ በኩል ቅመሙ ሊበረታ ስለሚችል ግፊት ይጨምራል፤ ስለዚህ ልክ እንደ አዲስ ጥይት ከመነሻው መጠን ጀምረህ ነው የምትወጣው። የሚቻል ነው፣ ግን በጥንቃቄ። ተቃራኒው፣ የሽጉጥ ፕራይመር በከፍተኛ ግፊት የጠመንጃ ጥይት ውስጥ፣ አይደረግም፤ ቀጭኑ ጽዋ ይበሳና ትኩስ ጋዝ ወደ ቦልቱ (የጠመንጃው መዝጊያ) እና ወደ ፊትህ ይመለሳል።

ትልቁ ላይ ግን "ልኩ አንድ ነው" የሚለው ራሱ ሐሰት ነው። ትልቁ የጠመንጃ ፕራይመር ከትልቁ የሽጉጥ ፕራይመር በቁመት ይበልጣል፤ 0.128 ኢንች አካባቢ ከ0.119 ጋር። በሽጉጥ ቀለህ ውስጥ ብትከተው ከቂጡ ወጥቶ ይቆማል። ራሱ በሚያጎርስ (ግማሽ አውቶማቲክ) መሣሪያ ውስጥ ቦልቱ ሲዘጋ ቃታ ሳይሳብ ሊፈነዳ ይችላል። ትክክል የተቀመጠ ፕራይመር ከቀለሁ ቂጥ በ0.003 እስከ 0.005 ኢንች ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። በጣት ስትዳስሰው ጎድጎድ ማለት አለበት።

ማግነም ፕራይመር (እሳቱ የበረታው ዓይነት) ብቻ ተገኘ? ተጠቀምበት፣ ነገር ግን የባሩዱን መጠን ወደ መነሻው መልሰህ እንደገና ውጣ። የፕራይመሩን ስም ብቻ መለወጥ እንኳ ከፍተኛው መጠን አጠገብ ላይ ከሆንክ ከልክ ያሳልፍሃል።

አሁን ባሩዱ። ሁለት ጥንዶች በእርግጥ አንድ ባሩድ በሁለት ስም ናቸው፤ ኤችፒ-38 ከደብሊው 231፣ ኤች 110 ከደብሊው 296። አንዱ ሲጠፋ ሌላውን ፈልግ። ከዚህ ውጭ የቁጥር መመሳሰል አያታልልህ። ኤች 4895 እና አይኤምአር 4895 አንድ አይደሉም፣ 4350 የሚባሉትም እንዲሁ። የየራሳቸው ሠንጠረዥ አላቸው። የንደት ፍጥነት ሰንጠረዥ የሚባለው ደግሞ ቅደም ተከተል ብቻ ነው የሚያሳየው፤ "ከቫርጌት ቀጥሎ ያለው ስለሆነ ያንኑ መጠን ልጨምር" ማለት ራስን መግደል ነው። ሠንጠረዡን ተጠቀምበት የትኛውን ባሩድ መፈለግ እንዳለብህ ለማወቅ፣ መጠኑን ግን ከአምራቹ መጽሐፍ ውሰድ።

በኪሎ የሚሸጠው የተፈታ ባሩድ ዋጋው የሚማርከው በምክንያት ነው። ለግለሰብ በጣሳ የሚሸጥ ባሩድ ከአንዱ ሎት (በአንድ ጊዜ የተመረተ ክፍል) ወደ ሌላው እንዲቀራረብ ተደባልቆ ይስተካከላል፣ ለዚህ ነው መጽሐፍ ሊጻፍለት የቻለው። ለጥይት ፋብሪካ የሚሄደው ግን አይስተካከልም፤ ፋብሪካው የግፊት መለኪያ ስላለው ለእያንዳንዱ ሎት መጠኑን ራሱ ይወስናል። ያንተ ቤት ያ መለኪያ የለም። ዓይነቱና ሎቱ በጽሑፍ የማይታወቅ፣ ወይም ስሙ የተላጠ ጣሳ ከሆነ፣ በነጻም ቢሰጥህ አትንካው። በመልክና በፍሬው ቅርጽ ባሩድን መለየት የሚችል ሰው የለም።

ቤት ውስጥ ፕራይመር ስለመሥራት አንድ ቃል፤ አይሆንም። ሲታሽ፣ ሲመታ፣ በስታቲክ ብልጭታ ሳይቀር የሚፈነዳ ነገር በጣት ጫፍ መያዝ ነው። ሳይፈነዳ ቢሠራ እንኳ እሳቱ ከፍሬ ፍሬ ይለያያል፣ ቅሪቱም አፈሙዙን ውስጥ ለውስጥ ያዝገዋል። ዒላማ ተኩስ ለእሱ የሚሞትለት ነገር አይደለም።

በመጨረሻ ስለ ቁጠባው አንድ ወጥመድ። ባሩድ ለመቆጠብ ሰው ፈጣንና በትንሽ መጠን የሚሞላ ባሩድ ይመርጣል። በ9 ሚሊሜትር ቀለህ ውስጥ ያ መጠን ግማሹን እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ብትሞላው አይፈስም፣ አታውቀውም። ከቀለሁ ከግማሽ በላይ የሚይዝ ባሩድ ምረጥ፤ እጥፍ ከሆነ ይፈስና ራሱ ይነግርሃል። አረር ከማስቀመጥህ በፊት እያንዳንዱን ቀለህ በመብራት ውስጡን እይ። ባዶ የቀረውም አይቀልድም፤ ፕራይመሩ ብቻውን አረሩን አፈሙዝ ውስጥ ወስዶ ይወትፈዋል፣ ቀጥሎ የምትተኩሰው ደግሞ አፈሙዙን ይሰነጥቀዋል። ድምፁ ደከም ካለ አቁም፣ ጥይቱን አውጣ፣ ዘንግ አሳልፍ።

ናስ ሰብሳቢ

ሒሳብ አዋቂ "ቀለሁን እንተወው" አለ፤ እኔ እዚያው ላይ ነኝ። ከአራቱ ዕቃዎች በእጃችን ዕድሜውን ማርዘም የምንችለው ቀለሁን ብቻ ነው። ለ.308 ጥሩ ቀለህ ውድ ነው፤ ሦስቴ ተተኩሶ ከሚጣልና አሥር ጊዜ ከሚመለስ መካከል ያለው ልዩነት የባሩዱን ጭማሪ በሙሉ ሊክስልህ ይችላል።

የ.308 ቀለህ ቶሎ የሚሞተው በአብዛኛው ዳዩ (ቀለሁን ወደ ልኩ የሚመልሰው ቅርጽ ማውጫ) በመጽሐፉ መመሪያ የቀለህ መያዣውን "እስኪነካ ድረስ" ተጠምዝዞ ትከሻው ከሚገባው በላይ ስለሚገፋ ነው። ተኩሱ ቀለሁን እስከ ቻምበሩ (ጥይቱ የሚቀመጥበት ክፍል) ግድግዳ ይለጥጠዋል፣ ዳዩ መልሶ ያሳጥረዋል፤ በየዙሩ ከቂጡ ከፍ ብሎ ያለው ግድግዳ ይሳሳል። መፍትሔው የተተኮሰውን ቀለህ በትከሻ መለኪያ ለክቶ ዳዩን ከዚያ 0.001 እስከ 0.002 ኢንች ብቻ እንዲገፋ ማስተካከል ነው፤ ቦልቱ በእጅ ለሚሳብ ጠመንጃ ይበቃል። ራሱ ለሚያጎርሰው ትንሽ ይጨመር፣ አለዚያ ቦልቱ አይዘጋም።

መሳሳቱን ለማወቅ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ አቅንተህ ጫፉን ወደ ጎን በትንሹ እጠፈው፣ ቀለሁ ውስጥ አስገብተህ ከታች ወደ ላይ ግድግዳውን ጫር። ከቂጡ ትንሽ ከፍ ብሎ ጎድጓዳ ቀለበት ከተሰማህ ያ ቀለህ አብቅቷል፣ የመጣበትም ሎት በሙሉ ይመርመር። በውጭ በኩል የሚያብለጨልጭ ነጭ መስመር ከታየ ዘግይተሃል።

የአንገት መሰንጠቅ ሌላ በሽታ ነው። ናሱ በመተኮስና በመጠበብ ብዛት ይደርቃል። በየሦስት አራት ተኩሱ አንገቱንና ትከሻውን በእሳት ማለስለስ ዕድሜውን ያረዝማል። ቂጡ ግን ፈጽሞ መሞቅ የለበትም፤ የለሰለሰ ቂጥ ግፊት አይችልም። ሙቀቱ ስንት ሰከንድ እንደሆነ በእሳቱ ይለያያል፣ ስለዚህ ሙቀት የሚያሳይ ቀለም አንገቱ ላይ ቀብተህ ጊዜውን በአንድ መጣያ ቀለህ ላይ ፈትን። አንገቱ ፍም እስኪመስል ከቀላ አልፈኸዋል።

ፕራይመሩ በጣት ግፊት ብቻ ከገባ ጉድጓዱ ላልቷል፣ ጣለው። ይህ ብዙውን ጊዜ ከመጠን በላይ ሞልተህ እንደምትተኩስ ይነግርሃል፤ ቀለሁን ከመውቀስህ በፊት መጠንህን ቀንስ። በነገራችን ላይ ትንሽ ዝቅ ብሎ መሙላት ባሩድም ቀለህም አፈሙዝም ይቆጥባል፣ ዒላማውም ብዙ ጊዜ አይከፋም።

ከተኩስ ሜዳ የምትለቅመውን የወታደር 7.62×51 (የ.308 አቻ) ቀለህ ተመልከት። ውስጡን በመብራት እየው፤ መሀሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ካለ ይሞላል፣ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳ ካሉት የተለመደው ዳይ አሮጌውን ፕራይመር የሚያስወጣውን መርፌ ይሰብርበታል። ፕራይመሩ ዙሪያው ተቀጥቅጦ የተያዘ ከሆነ ያን ጠርዝ ሳታነሳ አዲስ ፕራይመር አትግፋ፣ ይጨፈለቃል። ደግሞ ግድግዳው በአብዛኛው ወፍራም ስለሆነ ውስጡ ጠባብ ነው፤ በንግድ ቀለህ የለመድከው መጠን እዚህ ከፍ ያለ ግፊት ይሰጣል። ሁለቱን አትቀላቅል፣ የወታደሩን ለብቻው ከታች ጀምረህ ውጣ።

ደረቅ መጋዘን

ስንት ይቀመጥ ለሚለው፤ የአንድ የውድድር ዓመት ፍጆታህን ቁጠርና የዓመት ከግማሽ ያዝ፣ አይብዛ። ከዚያ በላይ ማከማቸት እጥረቱን የሚያባብሰው ራሱ ነው፣ በሕግም ገደብ አለው። አሜሪካ ብዙ ቦታ የሚሠራበት የእሳት መከላከያ ደንብ መኖሪያ ቤት ውስጥ ባሩድ በመጀመሪያ ዕቃው ሆኖ እስከ 20 ፓውንድ፣ ከዚያ እስከ 50 ፓውንድ ግድግዳው አንድ ኢንች በሆነ የእንጨት ሳጥን፣ ፕራይመር ደግሞ እስከ 10,000 ይፈቅዳል። ያለህበት አገር ደንብ ጠባብ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ጠይቅ።

ከብዛቱ ይልቅ ለጠመንጃው ሎቱ ይበልጣል። አንድ ባለ ስምንት ፓውንድ ጣሳ ከስምንት ባለ አንድ ፓውንድ ጣሳ ይሻላል፤ በርካሽነቱም ሳይሆን ሁሉም አንድ ሎት ስለሆነ። ነጠላ ጣሳ የግድ ከሆነ የሎት ቁጥራቸው የሚገጥም ምረጥ። አዲስ ሎት ስትከፍት ከከፍተኛው አጠገብ ከነበርክ ወረድ ብለህ ጀምር። የቀረውን ትራፊ በአዲሱ ላይ መድፋት ይቅር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጠንካራ ብረት የጥይት ሣጥን ውስጥ ባሩድ በመቆለፍ ነው። እሳት ቢነሳ ባሩድ በፋብሪካው ጣሳ ውስጥ ጣሳውን ቀዶ ይነድዳል እንጂ አይፈነዳም። ብረት ውስጥ ከታፈነ ግን ቦምብ ሠራህ። ፕራይመርንም ከፋብሪካው መደርደሪያ ካርቶን አውጥተህ በጠርሙስ አታጠራቅም፤ አንዱ ቢፈነዳ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይከተሉታል። ያ ካርቶን ቦታ የሚበላው አንዱን ከአንዱ ለመለየት ነው።

ቀዝቃዛ፣ ደረቅና የማይለዋወጥ ሙቀት ካገኘ ባሩድ አሥርት ዓመታት ይቆያል። የተከፈተ ጣሳ ያሸትቱት፤ ደህናው የአልኮልና የኤተር ዓይነት ሽታ አለው። አፍንጫ የሚወጋ የአሲድ ሽታ፣ ቀይ ጢስ፣ ወይም ክዳኑ ላይ ዝገት የመሰለ ቀይ ብናኝ ካለ ማረጋጊያው አልቋል፣ ከቤት ይውጣ። በዚህ ባሩድ የተሞላ ጥይትም አንገቱ አካባቢ በአረንጓዴ ይዝጋል። ሞልተው ሲጨርሱ ባሩዱን በመመጠኛው ማጠራቀሚያ ውስጥ ረስተው አይደሩ፤ ፕላስቲኩንም ይበላዋል፣ የየትኛው ባሩድ እንደሆነም ይጠፋብዎታል።

ባለፕሬሱ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሒሳቡ ነገር ግልጽ ሆነልኝ፤ ለ9 ሚሊሜትሩ አረሩን ራሴ ከእርሳስ ባፈስስ ያ 0.10 ይቀንሳል ማለት ነው። አንቲሞኒ ከተወደደ ግን እርሳሱን በምን ላጠንክር?

የናይትሮ ነገር

ይቀንሳል፣ ካልተሳሳትክ ከግማሽ በታች። ለ9 ሚሊሜትር አንቲሞኒ ብዙም አያስፈልግህም። ለስላሳ የእርሳስ ቅልቅል ላይ በምድጃ የሚጋገር የዱቄት ቀለም ብትቀባው ቀለሙ እርሳሱን ከአፈሙዙ ይለየዋል፤ ጥንካሬውን የሚሸከመው እሱ ይሆናል። ያለ ቀለም በቅባት ብቻ የምትተኩስ ከሆነ ግን ቅልቅል ያስፈልጋል። የማተሚያ ቤት ሊኖታይፕ (የድሮ ፊደል መቅረጫ ብረት) ካገኘህ 12 በመቶ አንቲሞኒና 4 በመቶ ቆርቆሮ አለው፤ በንጹሕ እርሳስ እያቀጠንክ ትጠቀምበታለህ። የጎማ ሚዛን ማስተካከያ እርሳስ ድሮ ጥሩ ምንጭ ነበር፣ አሁን ግን ብዙው ዚንክና ብረት ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፣ ዚንክ በ420፤ ድስትህን 370 አካባቢ ብታቆመው ዚንኩ ሳይቀልጥ ይንሳፈፍልሃል፣ በማንኪያ ታወጣዋለህ። አንዴ ከቀለጠና ከተቀላቀለ ድስቱን ያጠፋዋል፣ አረሩም ሻጋታውን ሳይሞላ ጎዶሎ ሆኖ ይወጣል።

እርጥብ እርሳስ በፍጹም ወደ ቀለጠ ድስት አትጨምር፤ ውሃው ባንዴ እንፋሎት ሆኖ ድስቱን ፊትህ ላይ ይደፋዋል። ክፍት አየር፣ ጓንት፣ የፊት መከለያ፣ ሲጨርሱ እጅ መታጠብ።

ግፊት አይዋሽም

አንድ ነገር ልጨምር። ሻጋታ ከመግዛትህ በፊት የሽጉጥህን አፈሙዝ ለካ፤ ለስላሳ እርሳስ በአፈሙዙ ውስጥ በዘንግ አሳልፈህ የወጣውን በማይክሮሜትር። የተፈሰሰ አረር ከአፈሙዙ ውስጥ ጥምዝ ጎድጓዳ ልክ 0.001 ኢንች መብለጥ አለበት፤ ለ9 ሚሊሜትር ብዙውን ጊዜ 0.356 ነው፣ የመዳብ ልብስ ያለው ግን 0.355። ካነሰ ትኩሱ ጋዝ በጎኑ ያልፍና እርሳሱን አፈሙዙ ላይ ይለጥፈዋል፣ ሰውም "ቅልቅሉ ለሰለሰ" ብሎ ያለ ጥፋቱ አንቲሞኒ ይፈልጋል። የአንዳንድ ሽጉጦች አምራቾች ደግሞ ጎድጓዳ በሌለው ባለብዙ ማዕዘን አፈሙዝ ባዶ እርሳስ እንዳይተኮስ ይከለክላሉ፤ የሽጉጥህን መመሪያ እየው፣ ከዚያ ሻጋታውን እዘዝ።